የባስ ዕቃ ለጣና ነጭ አሳ፦ ዘንግ፣ ሪል፣ ክርና ማታለያ ስንመርጥ

ዩቲዩብ ላይ ስለ አሳ ማጥመጃ ዕቃ ስትፈልጉ ከሚመጣላችሁ አብዛኛው ስለ ባስ ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ አሳ ነው። አፉ ሰፊ ነው፣ ሣርና ግንድ ሥር አድፍጦ ይጠብቃል፣ ያገኘውን ስቦ ይውጣል። አሜሪካ ውስጥ እሱን ማጥመድ ትልቅ ስፖርት ስለሆነ ዘንጉም፣ ክሩን የሚጠቀልለው ሪልም፣ ሰው ሠራሽ ማታለያውም በብዛት የሚመረተው ለእሱ ተብሎ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲላችሁም ሱቅ ገብቶ የሚያገኘው ይሄንኑ ነው።

ጣና ውስጥ ግን ባስ የለም። ለእኛ ቀረብ የሚለው የታወቀ የባስ ውሃ ኬንያ ያለው ናይቫሻ ሐይቅ ነው። እዚያም ቢሆን ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ አሳ ነው። ባሕር ዳር፣ ዘጌ ወይም ቁንዝላ ዳር ቆማችሁ ዘንግ የምትወረውሩ ከሆነ የሚገጥማችሁ ነጭ አሳ፣ ቆሮሶና አምባዛ ነው። የባስ ዕቃ ለነዚህ ይሆናል? ይሆናል፤ ግን ሁሉም አይደለም። የትኛው እንደሚሆንና የትኛው ገንዘብ ማባከን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ አሳውን እንወቅ

የጣና ነጭ አሳ አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዎች ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ ከነሱ 8ቱ ሌላ አሳ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ይሄ በዓለም ላይ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ወንዝ ስለሚለየው ከታች ያሉት ትልልቅ አዳኝ አሳዎች ወደ ላይ መውጣት አልቻሉም። ባዶ የቀረውን የአዳኝነት ቦታ የያዘው ነጭ አሳ ራሱ ነው። እኔ እንደዚህ ዓይነት አሳ ደጃችን ላይ መኖሩን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ለዕቃ ምርጫ የሚጠቅመን ደግሞ አፉ ነው። ነጭ አሳ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጉሮሮው ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ ባስ የሚውጠውን ትልቅ ነገር ሊውጥ አይችልም። የሚያድነው በአብዛኛው ከጣት ብዙም የማይበልጡ ትንንሽ አሳዎችን ነው። ከንፈሩም ለስላሳ ነው። ባስን ለመንጠቅ የሚሠሩት ደረቅ ዘንጎች ጠንካራውን የባስ አፍ ለመብሳት የታሰቡ ናቸው። በነሱ ነጭ አሳን በኃይል ብትነጥቁት መንጠቆው ሥጋውን ቀዶ ይወጣል።

ቆሮሶ በአብዛኛው የውሃ እፅዋትና አልጌ በል ስለሆነ ለሰው ሠራሽ ማታለያ ደንታ የለውም። ትንሽ መንጠቆ ላይ የተሰካ የመሬት ትል ወይም ሊጥ ነው የሚፈልገው። አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተትና በንዝረት ነው፤ ማታ ላይ ይበረታል፤ ሥጋም፣ የዶሮ አንጀትም፣ የአሳ ቁራጭም ይወስዳል። አምባዛ ከ1 ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችል ለሱ የሚሆነው ዕቃ ለነጭ አሳ ከሚሆነው ይለያል።

ዘንግ፦ ቀርከሃ፣ ፋይበር ግላስ ወይስ ካርቦን?

ቀርከሃን አትናቁ። የእንጅባራና የአዊ አካባቢ ደጋ ቀርከሃ ቀጥ ያለና ቀላል ነው። ለቆሮሶ 3 ሜትር ገደማ የሆነ ደረቅ ቀርከሃ፣ ያንኑ ያህል ክር፣ አንዲት ተንሳፋፊና ትንሽ መንጠቆ ይበቃል። ሪል አያስፈልግም። ለልጆች ማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ችግሩ መወርወር አለመቻሉ ነው፤ ዘንጉ ከሚደርስበት በላይ መሄድ አይቻልም። ትልቅ ነጭ አሳ ቢይዝ ደግሞ የሚለቀቅ ክር ስለሌለ ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ መንጠቆው ይቃናል።

ፋይበር ግላስ ከባድ ነው፤ ግን ቻይ ነው። ድንጋይ ላይ ቢወድቅ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ቢጫን፣ ሰው ቢረግጠው እንኳ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ጫፉም ከካርቦን ይልቅ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤ ይሄ ለነጭ አሳ ከንፈር ጥሩ ነው። ካርቦን ቀላል ነው፣ የአሳውን ንክኪ እጅ ላይ ያደርሳል፣ ሩቅ ይወረውራል። ግን ጎኑን አንዴ ድንጋይ ከመታው ባልጠበቃችሁት ቀን ይሰበራል። ሌላም ነገር አለ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ክረምት ላይ ጣና ላይ መብረቅ ሲጀምር የካርቦን ዘንግ ይዞ ታንኳ ላይ መቀመጥ ለሕይወት ያሰጋል። ሰማዩ ሲጠቁር ዘንጉን አስተኝታችሁ ወደ ዳር ውጡ።

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ፋይበር ግላስና ካርቦን የተቀላቀሉበትን ዘንግ ነው። ዘንጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ጥንካሬው «መካከለኛ» ወይም «መካከለኛ ቀላል» የሚል ይሁን። የሚወረውረው ክብደት ከ5 እስከ 20 ግራም አካባቢ ከሆነ ለነጭ አሳ ልክ ነው። የባስ ዘንጎች ብዙዎቹ «መካከለኛ ከባድ» ናቸው፤ ያ ለአምባዛ ይሁን።

ርዝመቱን የሚወስነው የምትቆሙበት ቦታ ነው። ከዳር ለምትወረውሩ ከ2.10 እስከ 2.40 ሜትር የሆነ ዘንግ ደንገሉን አሻግሮ ለመጣል ይረዳል። ታንኳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ታንኳ ላይ ሰው ውሃው ጋ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፤ ቀዛፊውም ከጎናችሁ ነው። ረጅም ዘንግ ስታወናጭፉ መንጠቆው ሰው ላይ ሊሰካ ይችላል። 1.80 ሜትር እዚያ ይበቃል።

ዘንግ ስትገዙ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ ትንሽ ጥጥ ይዛችሁ ሂዱ። ጥጡን ጠቅልላችሁ ክሩ በሚያልፍበት በእያንዳንዱ የዘንጉ ቀለበት ውስጥ ዙሪያውን አሽከርክሩት። አንዲት የጥጥ ጭረት እንኳ ከተያዘች ቀለበቱ ውስጥ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ያን ስንጥቅ በዓይን አታዩትም፤ ክራችሁን ግን እንደ ምላጭ ይልጠዋል። ከዚያ ዘንጉን ገጥማችሁ ጫፉን ቀስ ብላችሁ ወደ መሬት ተጫኑት። መታጠፉ ከጫፍ እስከ መሃል ወጥ ካልሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰበር ካለ፣ ተዉት።

ሪል፦ ገንዘቡ እዚህ ላይ ነው የሚባክነው

በባስ ቪዲዮ ላይ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠውን ጠፍጣፋ ሪል አይታችሁ ይሆናል። ቤይትካስተር ይባላል። ለባስ አሪፍ ዕቃ ነው። ከባድ ማታለያን ነጥብ ላይ ለመጣል፣ ወፍራም ክር ለመጠቀምና ትልቅ አሳን ከሣር ውስጥ ጎትቶ ለማውጣት ተመራጭ ነው። ግን የክሩ ማጠንጠኛ ራሱ ስለሚሽከረከር በአውራ ጣት መቆጣጠር ይፈልጋል። ማታለያው አየር ላይ ቀንሶ ማጠንጠኛው ካልቀነሰ ክሩ ተዘብርቆ ይቋጠራል። ከነፋስ ፊት ለፊት ስትወረውሩና ማታለያው ከ10 ግራም በታች ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኛ ለነጭ አሳ የምንጠቀመው ማታለያ በአብዛኛው ቀላል ነው። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ለጣና ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለውን ስፒኒንግ ሪል ግዙ። ይሄ ምክሬ ያለ «ግን» ነው። መጠኑ 2500 ወይም 3000 የሚል ይሁን። 1000 ለቆሮሶ ጨዋታ ነው፤ 4000 እና ከዚያ በላይ ለአምባዛ።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያወሩላችሁ ስለ ኩሽኔታ ብዛት ነው። «12 ኩሽኔታ አለው» ይሏችኋል። 4 ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ሪል ከ12 ርካሽ ኩሽኔታ ካለው ይሻላል። ከሱ ይልቅ የማርሹን ቁጥር ተመልከቱ። 5.2:1 ማለት እጀታውን አንዴ ስታዞሩ ክሩ 5 ጊዜ ከትንሽ ይጠቀለላል ማለት ነው። ጥርስ የሌለውና ዓይኑ በደፈረሰ ውሃ የማያይለት አሳ ማታለያውን እንዲደርስበት ቀስ ብሎ መሄዱ ይሻላል። ስለዚህ 5.2 አካባቢ ያለውን ውሰዱ። 7:1 ለፈጣን የባስ ማታለያ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሪሉን ያዙና እጀታውን ወደ ጎን ነቅንቁት። ከላላ አትግዙ። ክር ካለበት ፍሬኑን፣ ማለትም አሳው ሲጎትት ክሩ ምን ያህል ተይዞ እንደሚለቀቅ የሚወስነውን፣ ግማሽ አጥብቃችሁ ክሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ሳይንገጫገጭ እየተለቀቀ መሄድ አለበት። ፍሬኑ የሚያዝ የሚለቅ ከሆነ አሳው ሲሮጥ ክሩን የሚበጥሰው ያ ነው።

ቤት ስትገቡ ፍሬኑን በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አስተካክሉት። ውሃ የሞላችሁትን ሃይላንድ ክሩ ጫፍ ላይ እሰሩትና ዘንጉን ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱት። 2 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ነው። ሃይላንዱ ከመሬት ሊነሳ ሲል ፍሬኑ ክር መልቀቅ ከጀመረ ልክ ነው። ደንቡ ከክሩ አቅም ከሩብ እስከ ሲሶ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ለሚችል ክር 2 ኪሎ ይስማማዋል። ከውሃ ስትመለሱ ደግሞ ፍሬኑን አላሉት፤ ጠብቆ የሚያድር ፍሬን ውስጡ ያለው ጨርቅ ይጨፈለቃል።

ክር፦ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከዘንጉ ቀንሳችሁ ክሩ ላይ ጨምሩ። አሳውና እናንተ የምትገናኙት በሱ ብቻ ነው።

ተራው ናይለን ርካሽ ነው፣ ይለጠጣል፣ ቋጠሮ ይይዛል። መለጠጡ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ በኃይል ስትነጥቁ ይሸፍንላችኋል። ጉዳቱ ፀሐይ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የፀሐይ ጨረሩ ኃይለኛ ነው፤ ናይለንን ያደርቀዋል። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመን ክር አትግዙ። የገዛችሁትንም ቢያንስ በዓመት አንዴ ቀይሩት።

የተጠለፈው ክር በጣም ቀጭን ሆኖ ብዙ ኪሎ ይችላል፤ አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ትንሿ ንክኪ እጃችሁ ላይ ትደርሳለች። ሩቅም ይሄዳል። ግን ድንጋይ ሲነካው እንደ ሌላው አይታገስም። የባሕር ዳር ዳርቻና የዓባይ መውጫ ደግሞ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ የተጠለፈ ክር ከተጠቀማችሁ ጫፉ ላይ 1 ሜትር ያህል 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ቀጥሉበት።

ፍሎሮካርቦን ውሃ ውስጥ አይታይም ተብሎ በውድ ይሸጣል። ለጠራ የአሜሪካ ሐይቅ እውነት ነው። የጣና ውሃ ግን የደፈረሰ ነው፤ ክረምት ላይ ወንዞቹ አፈር ሲያስገቡበት ይብሳል። ለዓይን ብላችሁ አትግዙት። ድንጋይ መቻሉ ግን እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ለዚያ ከሆነ 1 ሜትር ብቻ ይበቃችኋል።

የብረት ሽቦ ለነጭ አሳ አያስፈልግም። ቅድም እንዳልነው አፉ ላይ ጥርስ የለውም። ሽቦው ማታለያውን ያከብደዋል፣ እንቅስቃሴውንም ያበላሻል።

ቋጠሮ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ብዙ ሰው «ክሩ አይረባም» የሚለው ቋጠሮው ጋ ስለሚበጠስበት ነው።

ማታለያና መንጠቆ

የባስ ማታለያ ሣጥን ብትከፍቱ 12 እና 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ የፕላስቲክ ትሎች፣ ትልልቅ ሰው ሠራሽ አሳዎች፣ ውሃ ላይ የሚንቦጫረቁ እንቁራሪቶች ታገኛላችሁ። አብዛኛው ለነጭ አሳ ትልቅ ነው። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሆኑትን ምረጡ። ከሁሉ አስቀድሜ የምገዛው የሚሽከረከር ቅጠል ያለው ስፒነር ነው። ቅጠሉ ሲዞር ውሃውን ያንቀጠቅጠዋል፤ በደፈረሰ ውሃ አሳው ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። መጠኑ 2 ወይም 3 ይሁን። ቀለሙ ለደፈረሰ ውሃ ወርቃማ፣ በጋ ላይ ጠራ ባለ ቦታ ብርማ። ቀጥሎ ማንኪያ የሚመስለው ብረት አለ፤ ሩቅ ይሄዳል፣ ነፋስ ይሰብራል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ሦስተኛው ትንሽ ለስላሳ የፕላስቲክ አሳ ከነክብደቱ ነው። ለታች ውሃ ጥሩ ነው፤ ድንጋይ መሃል ግን ቶሎ ይያዛል።

ከባስ ዕቃ ሳይለወጥ የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ፤ የመንጠቆውን ጫፍ ፕላስቲኩ ውስጥ የሚደብቀው የቴክሳስ አሠራር። ደንገል ሥርና እንቦጭ ባለበት ቦታ ሳይያዝ ያልፋል። እንቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየ ሲሆን የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ነፋስ ሲገፋው ግን የትም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ለዚህ ሥራ ትንሹን ፕላስቲክ ብቻ ምረጡለት።

የመንጠቆ ቁጥር ሰው ያደናግራል። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፦ 10 ከ6 ያነሰ ነው። ከ1 በኋላ ግን 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ይተልቃል። ለቆሮሶ 8 ወይም 10፣ በትል ለሚያዝ ነጭ አሳ 4 ወይም 6፣ ለአምባዛ ከ2/0 እስከ 4/0። ለአምባዛ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረውን ክብ መንጠቆ ብትወስዱ ይሻላል። አሳው ይዞ ሲሄድ አፉ ጠርዝ ላይ ራሱ ይሰካል፤ ሆዱ ድረስ አይገባም። እሱን በኃይል መንጠቅ አያስፈልግም፤ ክሩ እስኪወጠር ጠብቃችሁ መጠቅለል ብቻ ነው።

ማታለያዎች ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ይዘው ነው የሚመጡት። በአንድ ጫፍ መንጠቆ ቀይሩት፤ ወይም ከጫፉ ሥር ወደ ኋላ የዞረውን ትንሽ ምላስ በፒንሳ ጨፍልቁት። ክሩን ወጥራችሁ ከያዛችሁ አሳ አያመልጣችሁም። ትንሹን ወይም እንቁላል የያዘችውን ለመልቀቅ ስትፈልጉ ግን ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ሣርም አይይዝባችሁም፤ ልብስና ጣትም ላይ ቢሰካ በቀላሉ ይወጣል።

መንጠቆውን ወደ ታች የሚያሰጥም የእርሳስ ክብደት ካጣችሁ፣ ወይም የዓባይ መውጫ ድንጋይ እየበላባችሁ ካስቸገራችሁ፣ አሮጌ ዳዶ ተጠቀሙ። ዳዶውን ከዋናው ክር በቀጠነ ክር እሰሩት። ድንጋይ ውስጥ ሲቀረቀር ቀጭኑ ይበጠሳል፤ አሳውና መንጠቆው ይተርፋሉ።

ከዳር፣ ከታንኳ ወይስ ከሞተር ጀልባ?

ከዳር ማጥመድ ወጪ የለውም፤ ግን ጫማ ያስፈልጋል። ባሕር ዳርና ዘጌ ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ ገብቶ መቆም አይሆንም። ውሃ የማያስገባ ረጅም ቦት ጫማ ከሪሉ በፊት የምትገዙት ዕቃ ይሁን። የዓባይ መውጫ አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ማታና ንጋት ላይ ለግጦሽ የሚወጣበትን ጥርጊያ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ በሱና በውሃው መካከል አትቁሙ።

ታንኳ ጸጥ ያለ ነው፤ አሳ አያስበረግግም፤ ደንገል ጥግ ድረስ ይገባል። ቀዛፊው ደግሞ አሳው የት እንዳለ ያውቃል፤ የሱን ምክር መስማት ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። ሞተር ጀልባ ሩቅ ያደርሳል፤ ለደሴቶቹ ጥግ ጥሩ ነው። የሕይወት ጃኬት ከሌለው ግን አትሳፈሩ። ሐይቁ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ከምሳ በፊት መመለስ ይሻላል።

ሐይቁ ከራቃችሁ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ አለላችሁ፤ ለቀርከሃና ለቆሮሶ ዕቃ የተመቸ ነው።

መቼ መተው እንዳለብን

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብዙዎቹ የነጭ አሳ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። በኛ በኩል ግልገል ዓባይ አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ ተጠጋግተው ይሰበሰባሉ፤ ለመያዝም ይቀላሉ። ይሄ መቅለሉ ነው የጎዳቸው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ጣና ላይ ከተጀመረ በኋላ፣ በተከታዮቹ ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሏል። አብዛኞቹ ከጣና ውጪ ዓለም ላይ የትም የሉም። እኔ በነዚህ ወራት ወንዝ አፍ ላይ ዘንግ አልወረውርም፤ እናንተም እንድትተዉ እለምናችኋለሁ። ክረምት ላይ ማጥመድ ካማራችሁ አምባዛና ቆሮሶ አሉ።

ስለ ፈቃድ የወረዳውን የእንስሳትና አሳ ሀብት ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ። በአገር ደረጃ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ ደንብ አለው። የተበጠሰ ክርም ውሃ ዳር አትጣሉ። ናይለን አይበሰብስም፤ የወፍ እግር ያስራል።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ የምትልኩለት ዝርዝር እንግዲህ አጭር ነው፦ 2.10 ሜትር መካከለኛ ቀላል የስፒኒንግ ዘንግ፣ 2500 ሪል፣ 150 ሜትር የተጠለፈ ክር ከ8 እስከ 10 ኪሎ የሚችል፣ አንድ ጥቅል 0.30 ናይለን፣ 4 ወርቃማና 2 ብርማ ስፒነር፣ 4 እና 8 ቁጥር መንጠቆ። ዘንጉ ለሻንጣ እንዲመች ለአራት የሚነጣጠለውን ይጠይቅ። ሻንጣው ውስጥ ቦታ ከተረፈ ቦት ጫማውንም ይጨምርበት።